ከተወዳዳሪው በፊት ጠያቂው ይፈተን

የጥያቄና መልስ ውድድር ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምናየው ተወዳዳሪውን ነው። በቴሌቪዥን መስኮት መብራቱ ፊቱ ላይ በርቶበት፣ ላቡን እየጠረገ፣ ሰዓቱ እየቆጠረበት መልሱን ከአእምሮው ጓዳ የሚፈልገውን ሰው። ሲመልስ አብረነው እናጨበጭባለን። ሲስት ደግሞ «ኧረ ይህንማ እኔም አውቀዋለሁ!» እንላለን። ጥያቄውን ማን እንዳወጣው፣ መልሱን ማን እንዳረጋገጠው፣ ዳኛው ቢሳሳት ማን እንደሚያርመው ግን ከቶ አናስብም።

እኛ ዕጩ መምህራን ግን ይህን ማሰብ ይገባናል። ምክንያቱም ነገ ክፍል ውስጥ የምንቆመው በተወዳዳሪው ቦታ ሳይሆን በጠያቂው ቦታ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደ ሰመረና የት ላይ እንደ ተበላሸ፣ ለእኛም ሙያ ምን እንደሚያስተምረን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። የውጭ አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ.) መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ውድድሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም

ቴሌቪዥን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት አገራችን የራሷ የጥያቄና መልስ ውድድር ነበራት። ማታ እሳት ዳር የተቀመጠ ልጅ «እንቆቅልህ» ይላል። ጓደኛው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይቀርባል። መላሹ ካወቀው ድሉ የእርሱ ነው፤ ካቃተው ግን ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ሲባል ጠያቂው ጎንደር ገብቶ ምን እንደ በላ፣ ምን እንደ ጠጣ፣ እንዴት እንደ ተከበረ ያወራል። ተሸናፊውንም በቀልድ ሸንቆጥ ያደርገውና መልሱን ይነግረዋል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ተሸናፊው አገር ያስረክባል እንጂ መልሱን ሳያውቅ አይሄድም። አገር የተከፈለበት መልስ ደግሞ በቀላሉ አይረሳም።

በቀድሞው የሙግት ሥርዓትም «በላ ልበልሃ» እና «ተጠየቅ» የሚባሉ የክርክር ስልቶች ነበሩ። ተሟጋቾች አደባባይ ቆመው፣ ዳኛና ሕዝብ እየሰማቸው፣ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ውርርድ እየገጠሙ ይጠያየቁ ነበር። ተመልካች፣ ዳኛ፣ ውርርድና የንግግር ፍጥነት፣ ይህ ሁሉ ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ከ40 ዓመታት በላይ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ያቀረቡት በዚሁ ጣቢያ ሲሆን፣ ልጅ ካሜራ ፊት ቆሞ እንዲናገር ያደፋፈሩ አባት ነበሩ። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በኢቢኤስ ቴሌቪዥን ነፃነት ወርቅነህ ያቀረበው «የቤተሰብ ጨዋታ» ቤተሰብን ከቤተሰብ እያጋጠመ ብዙ ተመልካች አፍርቷል። በየትምህርት ቤቱም ቢሆን የሚኒ ሚድያ ክበብ በሰልፍ ሜዳ ላይ የሚያዘጋጀው ውድድር የማያውቅ ሠልጣኝ በመካከላችን የለም። «ሀ» እና «ለ» ክፍሎች ይፋለማሉ፤ ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ይህ ሁሉ ሲታይ የቴሌቪዥኑ ውድድር የሩቅ ዘመድ እንጂ ባዕድ አለመሆኑን እንረዳለን።

የቴሌቪዥኑ ውድድር አሠራር

በዓለም ላይ በብዙ አገር ከተባዙት ውድድሮች አንዱ «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማን ነው?» የተባለው ነው። በብሪታንያ አይቲቪ በተባለው ጣቢያ የተጀመረው መስከረም 4 ቀን 1998 እ.አ.አ. ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ተወዳዳሪው 15 ጥያቄዎች ይጠየቃል፤ ለእያንዳንዱ አራት አማራጭ አለው። ጥያቄው እየከበደ፣ ገንዘቡም እየጨመረ ይሄዳል። ተወዳዳሪው ሲጨንቀው ሦስት እርዳታ አለው፦ ከአራቱ አማራጮች ሁለቱ እንዲነሱለት ማድረግ፣ ለወዳጁ ስልክ መደወል፣ በአዳራሹ ያለውን ተመልካች መጠየቅ። 1,000 ፓውንድ እና 32,000 ፓውንድ ላይ ሲደርስ እንደ ማረፊያ ደረጃ ያገለግሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሳሳት እንኳ ከማረፊያው በታች አይወድቅም።

የዚህ ውድድር ትልቁ ብልሃት ግን ሌላ ነው። ተወዳዳሪው ጥያቄውን ካየ በኋላ «በቃኝ» ብሎ ያገኘውን ይዞ መሄድ ይችላል። ስለሆነም የሚፈተነው እውቀቱ ብቻ አይደለም። እውቀቱ እስከ የት እንደሚደርስ ማወቁም ይፈተናል። በአሜሪካ ጆን ካርፔንተር የተባለ ተወዳዳሪ በኅዳር 1999 እ.አ.አ. የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ለአባቱ ስልክ ደወለ። መልሱን ሊጠይቃቸው አልነበረም። እርዳታ እንደማያስፈልገውና አንድ ሚሊዮኑን ዶላር ሊያሸንፍ መሆኑን ሊነግራቸው ነበር፤ እንዳለውም አሸነፈ። ይህ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ማወቁንም ያውቅ ነበር።

ስለ እርዳታዎቹ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ጄምስ ሱሮዌኪ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ በ2004 እ.አ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ በስልክ የተጠየቀው ዐዋቂ ወዳጅ ትክክለኛ መልስ የሰጠው 65 በመቶ ያህሉን ጊዜ ነው። ጊዜ ለማሳለፍ አዳራሽ የገባው ተመልካች ግን በአብላጫ ድምፅ 91 በመቶ ያህሉን ጊዜ ትክክል ሆኖ ተገኘ። አንድ ጎበዝ ከሚያውቀው ይልቅ ብዙዎች ጥቂት ጥቂት የሚያውቁት ተደምሮ ይበልጣል ማለት ነው። የክፍላችንን አንድ ጎበዝ ተማሪ ብቻ እያስነሣን ትምህርቱ የገባ ለሚመስለን ሁሉ ይህ ቁጥር መልእክት አለው።

ሌላው የብሪታንያ ውድድር በቢቢሲ በ1972 እ.አ.አ. የተጀመረው «ማስተርማይንድ» ነው። ያመነጨው ቢል ራይት የሚባል ሰው ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይል ውስጥ ሳለ ተማርኮ በጌስታፖ ተመርምሮ ነበር። ስምህ? ማዕረግህ? መለያ ቁጥርህ? እያለ ይጠይቀው የነበረውን የመርማሪ ድምፅ አልረሳውም። ያንን ወደ ጨዋታ ለወጠው፦ ጥቁር ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ስምህ፣ ሥራህ፣ የመረጥከው ርእሰ ጉዳይ። በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ካሸነፉት አንዱ የ1980ው አሸናፊ ፍሬድ ሃውስጎ ነው። ሥራው የለንደን ታክሲ ሾፌር ነበር። በሕንድም በሐምሌ 2000 እ.አ.አ. የሚሊየነሩ ውድድር በተዋናይ አሚታብ ባቻን አቅራቢነት ሲጀመር አገር ምድሩን አነቃነቀ። በ2008 እ.አ.አ. የወጣው «ስላምዶግ ሚሊየነር» የተባለው ፊልም መነሻም ይኸው ውድድር ነው። በፊልሙ ላይ የድሃ ሰፈር ልጅ መልስ በመለሰ ቁጥር «አጭበርብሯል» ተብሎ ይጠረጠራል። መልሱን ያገኘው ግን ከደረሰበት ኑሮ ነው። ይህ ልብ ወለድ ቢሆንም ጥርጣሬው እውነት ነው። ዐዋቂ ይህን የመሰለ፣ እንዲህ የለበሰ ነው የሚል ግምት በእኛም ክፍሎች አለ።

መልስ በእጁ ይዞ የገባው መምህር

አሁን ስለ ውድድር መበላሸት እንመልከት። ይህ ታሪክ የአንድ መምህር ታሪክ ስለሆነ በተለይ ይመለከተናል።

በ1956 እ.አ.አ. በአሜሪካ ኤንቢሲ ጣቢያ «ሃያ አንድ» የተሰኘ ውድድር ይቀርብ ነበር። ሁለት ተወዳዳሪዎች ድምፅ በማያሳልፍ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ገብተው፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ይጠየቃሉ። ተመልካቹ በዚህ ጥንቃቄ ተማምኖ ነበር። ሻምፒዮኑ ኸርበርት ስቴምፔል በኒው ዮርክ ይማር የነበረ የቀድሞ ወታደር ነው። አዘጋጁ ዳን ኤንራይት መልሱን አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ችግረኛ መስሎ እንዲታይ ልብሱንና የጠጉሩን አቆራረጥ ሳይቀር ይመርጥለታል፤ መቼ ላቡን እንደሚጠርግ እንኳ ያለማምደዋል። በኋላ ግን ተመልካች እንዳይሰለቸው ብለው እንዲሸነፍ አዘዙት። እንዲስት የታዘዘው የ1955 ምርጥ ፊልም ስም «ማርቲ» መሆኑን ነው። ፊልሙን ደጋግሞ ያየውና የሚወደው ነበር። የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ ተሸነፈ።

ያሸነፈው ቻርልስ ቫን ዶረን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። መልከ መልካም፣ የታወቁ ምሁራን ልጅ፣ ትሑት። ለእርሱም መልሱ አስቀድሞ ይሰጠው ነበር። ለሳምንታት እያሸነፈ 129,000 ዶላር አገኘ፤ ሥዕሉ በ«ታይም» መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ወላጆች «ልጃችን እንዲህ ዓይነት ዐዋቂ ይሁንልን» ይሉ ጀመር። እውነቱ ሲወጣ ኅዳር 2 ቀን 1959 እ.አ.አ. በአገሩ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በማጭበርበሩ ተሳታፊ እንደ ነበረ መሰከረ። የማስተማር ሥራውንም አጣ። በ1960 እ.አ.አ. እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ።

እዚህ ላይ ጉዳቱ ምን ነበር ብለን እንጠይቅ። ገንዘቡ የጣቢያውና የማስታወቂያ ድርጅቶች ነበር፤ የተመልካች ኪስ አልተነካም። የተጎዳው እምነት ነው። እቤቱ ቁጭ ብሎ «መምህር እንዲህ ያውቃል» ሲል የነበረው ሕዝብ የተጭበረበረው በእውቀት ላይ ባለው እምነቱ ነው። በአነስተኛ ደረጃ ይህ በትምህርት ቤትም ይደርሳል። ባለሥልጣን ወይም እንግዳ ሲመጣ መልሱን አስቀድመን ያስጠናነውን ተማሪ ብቻ ብናስነሣ እንግዳው ይደሰት ይሆናል። ሌሎቹ ልጆች ግን ሁሉንም ያውቃሉ፤ በዚያች ሰዓትም ስለ እኛ አንድ ነገር ይማራሉ።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ

ማጭበርበር ሳይኖር እንኳ ጠያቂው ካልተጠነቀቀ ፍርድ ይዛባል። ከመካከላችን ለማስተማር ልምምድ ሊማሊሞን ወርደን፣ ዛሪማን አልፈን አዲ አርቃይ የደረስን አለን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት የሰባተኛ ክፍል ቡድኖች ሲወዳደሩ ተመለከትን። «የራስ ደጀን ተራራ ከፍታ ስንት ሜትር ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አውጥቶ «4,533» አለ። ጠያቂው ወረቀታቸውን ተመልክተው «ተሳስተሃል፤ 4,620 ነው» አሉ፤ ነጥቡም ለሌላው ቡድን ተሰጠ። ልጁ አንድ ነገር ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ጭብጨባው ዋጠው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው እጁን አላወጣም። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ።

ማን ነበር የተሳሳተው? በቀደሙት መጻሕፍት ላይ የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ተብሎ ታትሟል። በኋለኞቹ ካርታዎችና መጻሕፍት ደግሞ 4,533 ወይም 4,550 ይላል። ስሙ ራሱ አንዱ ዘንድ «ራስ ደጀን»፣ ሌላው ዘንድ «ራስ ዳሸን» ነው። ልጁ አዲሱን መጽሐፍ አንብቧል፤ ጠያቂው አሮጌውን። ጠያቂውን ለመውቀስ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን በቅንነት አነበቡ። ነገር ግን ተራራው ከፊታቸው ቆሞ ሳለ ልጁ በትክክለኛ መልስ ዝም መባሉ ያሳዝናል። ሁለት ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብዙ ዋጋ የላቸውም። የልጁ እጅ ግን ዋጋ አለው።

ዘመንን የሚመለከት ጥያቄ ደግሞ በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የዓድዋ ጦርነት በስንት ዓመተ ምሕረት ተደረገ?» ሲባል በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነበበ ልጅ 1896 ቢል እርሱም አልተሳሳተም፤ ጥያቄው የትኛውን አቆጣጠር እንደሚፈልግ አልነገረውም። ከዚህ የባሰም አለ። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው መስከረም 10 ቀን 1960 እ.አ.አ. ነው። ይህ ቀን በእኛ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ብዙ ሰው ከ1960 ላይ ሰባት ቀንሶ «1953» ይላል። ነገር ግን ያ ዕለት በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነበር፤ አዲሱ ዓመት የገባው በማግስቱ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን አንድ ዓመት ይለውጣል ማለት ነው። ጥያቄ አውጪው ይህን ካላጣራ፣ አጣርቶ የመጣውን ልጅ «ተሳስተሃል» ብሎ ያስቀምጠዋል።

በትልልቆቹ ውድድሮች ዘንድ ለዚህ ችግር መፍትሔ ተበጅቶለታል። «ጀፐርዲ» በተባለው የአሜሪካ ውድድር ጥያቄዎች ከመቅረባቸው በፊት ይጣራሉ። በውድድሩ ጊዜም የተለዩ ዳኞች ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ትክክል ሆኖ ሳለ ስሕተት የተባለ መልስ ካገኙ ነጥቡን ይመልሳሉ፤ ፍርዱ ውጤቱን ያዛባበት ተወዳዳሪም ተመልሶ እንዲወዳደር ይጋበዛል። የጠያቂው ክብር በዚህ አልተቀነሰም፤ እንዲያውም ተጨመረ።

ፍጥነትና ትዕግሥት

በጀፐርዲ ተወዳዳሪዎች በእጃቸው መጫኛ ይይዛሉ። አቅራቢው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ የተጫነ ሰው ለሩብ ሰከንድ ይታገዳል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ሌላው ይቀድመዋል። ኬን ጄኒንግስ የተባለ ተወዳዳሪ በ2004 እ.አ.አ. በተከታታይ 74 ጊዜ ያሸነፈው እውቀቱ ሰፊ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ጣቱም ጊዜውን የጠበቀ ነበር። ለቴሌቪዥን ይህ ተገቢ ነው። ተመልካች ዝምታን አይወድምና።

ክፍል ግን ቴሌቪዥን አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ አጥንተው ነበር። በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወይ ሌላ ልጅ ያስነሣሉ፣ ወይ ራሳቸው ይመልሱታል። ዝምታው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም ግን የተማሪዎቹ መልስ ረዘም አለ፤ «አላውቅም» የሚለው ወይም ዝም የሚለው ቀነሰ፤ ደካማ የተባሉትም ይናገሩ ጀመር። ሁለት ሰከንድ መጨመር ጠመኔም ሆነ በጀት አይጠይቅም።

በእኛ ክፍሎች «እኔ! እኔ!» እያሉ ጣታቸውን የሚያስጮኹት ሁልጊዜ የታወቁት አምስት ስድስት ልጆች ናቸው። ሌላው መልሱ አፉ ላይ ሳይደርስ ጨዋታው ያልቃል። አንዳንዱ ማልዶ ከብት አሰማርቶ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ነው። የእርሱ ሐሳብ እስኪነሣ ሦስት ሰከንድ ብንጠብቀው ምን እናጣለን?

ማሽኑ ካሸነፈ በኋላ

በየካቲት 2011 እ.አ.አ. ከላይ የጠቀስነው ኬን ጄኒንግስና ብራድ ራተር የሚባል ሌላ ሻምፒዮን አይቢኤም ከሠራው «ዋትሰን» ከተባለ ኮምፒዩተር ጋር ተወዳደሩ። ማሽኑ በ77,147 ዶላር አሸነፈ። ጄኒንግስ 24,000፣ ራተር 21,600 አገኙ። ዋትሰን ግን አንድ አስቂኝ ስሕተት ሠራ። ስለ አሜሪካ ከተሞች ሲጠየቅ የካናዳዋን ቶሮንቶን መለሰ፤ መልሱ ቺካጎ ነበር። ይሁን እንጂ ማሽኑ መልሱን መጠራጠሩን በጥያቄ ምልክቶች አሳየ፤ ያስያዘውም ውርርድ 947 ዶላር ብቻ ነበር። የማያውቀውን ባለማወቁ መጠን አነስተኛ ገንዘብ አስያዘ። ሰውም ይህን ቢማር መልካም ነው።

እንግዲህ ስምና ዓመተ ምሕረት በማስታወስ ማሽን ሰውን ከበለጠ ቆይቷል። ታዲያ ጥያቄና መልስ ዋጋው አበቃ ማለት ነው? አይደለም። በትምህርት ሥነ ዘዴ ክፍለ ጊዜ የምንማረው የቤንጃሚን ብሉም የዓላማዎች ምደባ በ1956 እ.አ.አ. የታተመ ነው፤ «ሃያ አንድ» ሕዝብን ሲያታልል በነበረበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ምደባ ማስታወስ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከእርሱ በላይ መረዳት፣ በሥራ ላይ ማዋል፣ መተንተን፣ ማቀናጀትና መገምገም አሉ። የቴሌቪዥኑ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በሦስት ሰከንድ የሚፈረድ መልስ ይፈልጋል። መሰላል ያለ መጀመሪያው ደረጃ አይወጣም፤ እዚያው ላይ መቅረት ግን መውጣት አይባልም።

ምሳሌ እንስጥ። «የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መቼ ነው?» ብንል መልሱ «በ1978 እ.አ.አ.» ነው፤ አለቀ። ቀጥለን «ፓርኩ በ1996 እ.አ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ለምን ገባ? በ2017 ከመዝገቡ ለምን ወጣ?» ብለን ብንጠይቅስ? አሁን ስለ እርሻ መስፋፋት፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ ከፓርኩ ክልል ስለ ተነሡት ሰዎች ኑሮ ማውራት ይጀመራል። በዚህ ጥያቄ ላይ የአዲ አርቃይ እረኛ ልጅ ከከተማው ጎበዝ ሊበልጥ ይችላል። የለንደኑ ባለ ታክሲ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዳሸነፈ ሁሉ ይህም ልጅ የራሱን ዕውቀት ይዞ ይቆማል።

ምን እንውሰድ፣ ምን እንተው?

ከቴሌቪዥኑ ውድድር የሚወሰድ ብዙ መልካም ነገር አለ። የልጆችን ጉጉት ያነሣሣል፤ ንባብን ያበረታታል፤ ሕግ አክብሮ መሸነፍን ያስተምራል። ስለዚህ ውድድሩ ይቅር አንልም። ነገር ግን በበኩላችን የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ማንኛውም ጥያቄ ተወዳዳሪ ፊት ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዎች በሁለት መጻሕፍት ያጣሩት። ዓመት የሚጠይቅ ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። ሁለት መልስ የሚቀበል ጥያቄ ካለ ወይ ይስተካከል ወይ ይቅር።

ሁለተኛ፣ ይግባኝ ይፈቀድ። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይቻለሁ» ያለ ልጅ መጽሐፉን እንዲያመጣ ዕድል ይሰጠው። ትክክል ከሆነ ነጥቡ በይፋ ይመለስለት።

ሦስተኛ፣ የተሳተው ጥያቄ መልስ ይነገር። በማስተርማይንድ ተወዳዳሪው «ይለፈኝ» ያላቸውን ጥያቄዎች አቅራቢው በመጨረሻ መልሳቸውን ይነግረዋል። የእኛም እንቆቅልሽ አገር ተቀብሎ መልሱን ይሰጣል። ልጅ ተሸንፎ ባዶውን መሄድ የለበትም።

አራተኛ፣ «አላውቅም» ማለት ነውር አይሁን። መገመትና ማወቅ እንዲለዩ እናስተምር።

አምስተኛ፣ ጥያቄዎቹን ተማሪዎች ራሳቸው ያውጡ። ጥያቄ ለማውጣት መልሱን ማጣራት ግድ ነውና፣ ጠያቂ የሆነ ልጅ ከተጠያቂው የበለጠ ያነባል።

ጓደኞቻችን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙዎቻችን ወረቀት ይዘን በልጆች ፊት እንቆማለን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልስ ሥልጣን ይሰጠናል፤ ሥልጣኑ ግን መልሱን አጣርተን እስከ መጣን ድረስ ብቻ የሚያስከብር ነው። ልጁ የሚፈተነው በአንድ ጥያቄ ሲሆን እኛ የምንፈተነው በጥያቄዎቹ ሁሉ ነው። በሚቀጥለው የተቋማችን የጥያቄና መልስ ውድድር እነዚህን አምስት ነጥቦች በሥራ ላይ አውለን እንድንሞክራቸው እንጠይቃለን። የተሻለ ሐሳብ ያለው ሠልጣኝም ሆነ መምህር ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጥፍልን፤ እንማርበታለን።